በአንሰልሞ ቤት ለሚሰበሰቡ ቅዱሳን

እናቴን የዋሸኋት አንዴ ብቻ ነው። ሌሎቹ ውሸቶች ሁሉ የዚያች የመጀመሪያዋ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ነው። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤታችን ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ውጭ አገር ልኮ ያስተምር ነበር፤ ኖርዌዮቹ «ኡትቬክስሊንግ» ይሉታል። ለእኔ ስፔን ደረሰኝ። ከሳላማንካ ራቅ ብላ በምትገኝ፣ ከሰው ይልቅ ሽመላ በሚበዛባት ትንሽ ከተማ የሚኖሩ አንሰልሞና ኤንካርና የሚባሉ ባልና ሚስት ቤታቸው ሊያኖሩኝ ፈቀዱ። ወረቀቱን ይዤ ኦስሎ ውስጥ ቶየን ሰፈር ወዳለው ቤታችን ስገባ እናቴ እታገኘሁ ከሥራ ተመልሳ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ወረቀቱን ዞር ብላም አላየችው። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጌታን ያውቃሉ?»

ወረቀቱ ላይ የሰውዬው ሥራ ተጽፏል፦ የመጠጥ ቤት ባለቤት። እኛ ቤት ደግሞ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቢራ ማስታወቂያ ሲያመጣ እናቴ ተነስታ ድምፁን ትዘጋለች፤ ሥዕሉም እንዳይታይ ፊት ለፊቱ ትቆማለች።

«ያ፣» አልኳት፤ በኖርዌይኛ «አዎ» ማለት ነው። «እንዲያውም ሰውዬው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው።»

ሽማግሌነቱን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ከአፌ ወጣ። እናቴም እግሯን ከውሃው አውጥታ «ጌታ ይመስገን» አለች፤ በዚያው አለቀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኔው ግን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይፈታ ቆየ።

ስፔን ከገባሁ በኋላ በየሳምንቱ ትደውልልኝ ነበር። «የወንድም አንሰልሞ አገልግሎት እንዴት ነው?» ትለኛለች። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ እውነቱን እነግራታለሁ፤ የማስቀረው መጠጡን ብቻ ነው። በየምሽቱ ሰው ቤቱ ይሰበሰባል። ዳቦ ይቆርሳሉ። ይዘምራሉ። የሚዘምሩት ቡድናቸው ጎል ሲያገባ መሆኑን አልጨመርኩም። ያዘነ ሰው ሲመጣ አንሰልሞ አጠገቡ ቆሞ እስኪበቃው ያዳምጠዋል፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ወደ ቤቱ ይሸኘዋል። ይኼ ደግሞ ንጹሕ እውነት ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄጂያለሽ ወይ ስትለኝ ግን «ያ» ብዬ አልፋታለሁ።

አንድ ቀን ታዲያ አፌን አዳለጠኝና «አሁን አሁን እንኳ ሰው ቀንሶበታል፤ ማዶ ሌላ ቤት ተከፍቶበት» አልኳት።

«ሌላ ጉባኤ?» አለች በድንጋጤ።

«ያ። ሕዝቡን እየወሰደበት ነው።»

ያኔ ነው ጉዴ የፈላው። እናቴ የቤተ ክርስቲያናችን የማክሰኞ ጸሎት መሪ ናት። በዚያው ማክሰኞ የወንድም አንሰልሞን ስም ለጋሽ ደበላ ሰጠችው። ጋሽ ደበላ የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ ነው፤ ማኅተሙም መዝገቡም በእሱ እጅ ነው፤ እሱ መዝገብ ላይ አንዴ የሰፈረ የጸሎት ርእስ ደግሞ እንኳን በሰው በሞትም አይወጣም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሠላሳ የሚያህሉ ሰዎች፣ ወተት እንኳ ሞቅ ሲል የሚጠረጥሩ ሰዎች፣ በየሳምንቱ ተንበርክከው «ጌታ ሆይ፣ የባሪያህን የአንሰልሞን ቤት በሰው ሙላ፤ ማዶ የተከፈተበትን በር ዝጋለት» እያሉ ጸለዩ።

ማዶ ያለው ቡና ቤት በሦስተኛው ወር ተዘጋ። ባለቤቱ ከጥርስ ሐኪሙ ሚስት ጋር ጠፋ። ወሬውን ለእናቴ በስልክ ስነግራት፣ ከጥርስ ሐኪሙ በስተቀር ማለቴ ነው፣ ስልኩ ውስጥ እልል አለችብኝ።

ዓመቱ አልቆ ወደ ኦስሎ ተመለስኩ፤ ጸሎቱ ግን ቀጠለ። በ2008 የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ ኤንካርና «ክፍልሽ እንዳለ ነው፣ ነይና በዓሉን አብረን እንዋል» ብላ ጻፈችልኝ። ያኔ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። እነሱን መናፈቄ የምሬን ነበር። እናቴን ስጠይቃት ገና ቃሌን ሳልጨርስ «ሂጂ!» አለች። «ቅዱሳንን መጎብኘት በረከት ነው!»

በእኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ አይሄድም። ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ከጉባኤው ሰላምታ ይዞ ይሄዳል፤ እዚያ ቆሞ ሰላምታውን ያቀርባል፣ እነሱም እጃቸውን አንስተው ይቀበላሉ፤ ሲመለስም የእነሱን ያመጣል። ጋሽ ደበላ እሑድ ወደ ፊት ጠርቶ አቆመኝና ደብዳቤውን አነበበ፦ «በስፔን አገር በወንድም አንሰልሞ ቤት ለሚሰበሰቡ ቅዱሳን ሁሉ፣ በኦስሎ ያለነው እናንተን ሳናይ የምንወዳችሁ...» ሐምራዊው ክብ ማኅተም አርፎበታል። በስተግርጌው ጋሽ ደበላ የቤተ ክርስቲያኑን አድራሻ በፈረንጅ ፊደል በትልልቁ ጽፏል። ከዚያ እጃቸውን ጫኑብኝና ጸለዩልኝ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ዓይኔን ከፈት ሳደርግ ግን እናቴን አየኋት። በሥራ ቦታዋ ስሟን ማንም አሟልቶ አይጠራውም፤ አሳጥረው «ኤታ» ነው የሚሏት። እዚህ ስትገባ ግን ሰው «እህት እታገኘሁ» ብሎ ይነሳላታል፣ ማክሰኞ የእሷን ድምፅ ተከትሎ ይንበረከካል። ነገሩ ቢወጣ እኔ የማጣው አንድ ጉዞ ነው። እሷ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጉባኤውን ለመጠጥ ቤት ያስጸለየች ሴት ልትባል ነው። ፈራሁ፤ ዝም አልኩ።

ስፔን በገባሁ በማግስቱ ኤንካርና ልብሴን ልታጥብ ሻንጣዬን ከፈተችና ደብዳቤውን አገኘችው። ማኅተም ለካ በየትኛውም አገር ያስደነግጣል። «ሮሆቦት፣ ፖሊስ ነው?» ብላ ስሜን እየጠራች እየሮጠች ወደ ቡና ቤቱ ወረደች። ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልቻልኩም። ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ከሀ እስከ ፐ ነገርኳቸው። ኤንካርና እስክታነባ ሳቀች። አንሰልሞ ግን ብርጭቆ መወልወሉን ተወ።

«በየሳምንቱ?»

«በየማክሰኞው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ነገርኩት። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየ፣ በሩን አሻግሮ የተዘጋውን የማዶ ቤት አየ፣ ከዚያ ሰዓቱ ገና ከረፋዱ አምስት ሳይሆን ሞልቶ የተጨናነቀውን የገዛ ቤቱን አየ። ያን ዓመት ስፔን ውስጥ ኑሮ ተናግቶ ሰው ሥራ እየፈታ ነበር፤ በዚያች ከተማ ብቻ አራት መጠጥ ቤቶች ተዘግተዋል። እሱ ጋ ግን መቀመጫ የለም።

«እኔ እኮ የምግቡ ጣዕም መስሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ምግቡ ነው!» አለች ኤንካርና ተቆጥታ፤ የምታበስለው እሷ ናት።

በሦስተኛው ቀን አንሰልሞ መልስ ጻፈ። እኔ ላድርሰው ብዬ እጄን ስዘረጋ «አንቺ ትጥዪዋለሽ» አለኝና አድራሻውን ከጋሽ ደበላ ደብዳቤ ላይ ገልብጦ በአደራ ፖስታ ላከው። ጠንቅቆ ያውቀኛል። ምን እንደጻፈ ብለምነው አልነገረኝም።

ኦስሎ የተመለስኩት ለእኛው ገና ዋዜማ ነው። ደብዳቤው ዓርብ ደረሰ። እናቴ ከጋሽ ደበላ ስልክ ስትቀበል ሰማኋት፤ «መልሱ መጣ? ማኅተም የለውም? ምንም አይደል፣ የገጠር ጉባኤ ነው» ትላለች። ያን ሌሊት አልተኛሁም። አነብባለሁ ብዬ ቆሜ የምለውን፣ አንሰልሞ መጻፍ የነበረበትን ያማረ መንፈሳዊ ደብዳቤ፣ በሐሳቤ ስጽፍ አደርኩ። መጥፎ አልነበረም።

እሑድ ጋሽ ደበላ ፖስታውን ከፍ አድርጎ አሳየና ስሜን ጠራ። ተነሳሁ። ይኼኔ እናቴ ከመዘምራኑ ረድፍ፣ ከኩራት ሌላ ምንም በሌለበት ፊት፣ እንዲህ አለች፦

«በገዛ ቋንቋቸው ይሰማልን! ኡጎ ያንብበው፣ ልጄ ትተርጉመው።»

ክው አልኩ። ኡጎ የሕንፃው ቫክትሜስተር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን የምንከራየው ከኖርዌዮቹ ስለሆነ፣ በር የሚከፍትልን፣ ማሞቂያውን የሚያስተካክልልን እሱ ነው። የቺሊ ሰው ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ተሰዶ የመጣ። ስፓኒሽ አፍ የፈታበት ቋንቋው መሆኑን እኔ ብቻ ነኝ የረሳሁት።

ኡጎ መነጽሩን አድርጎ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመና በሚያምር ድምፅ ጀመረ። የመጀመሪያው አንቀጽ «ለሁለት ዓመት ስለ ቤቴ ስትጸልዩ እንደነበረ ሰማሁ። እኔ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት በሠርጌ ቀን ነው፣ እሱንም ሚስቴ ጎትታኝ» የሚል ነው።

«ለሁለት ዓመት ስለ ቤቴ ስትጸልዩ እንደነበረ ሰማሁ» አልኩ በአማርኛ። «እኔ ለዚህ የምበቃ ሰው አይደለሁም።»

«አሜን!» አለ ጉባኤው።

ኡጎ ቀና ብሎ አየኝ፤ ቀጠለ። አራት መጠጥ ቤቶች መዘጋታቸውን፣ የእሱ ብቻ መሙላቱን፣ ወንበር አልቆበት ከአማቱ ቤት ማምጣቱን አነበበ።

«በከተማችን አራት ቤቶች ተዘጉ» አልኩ። «የእኔ ብቻ ሞልቷል። ወንበር ጠፍቶ ከአማቴ ቤት አመጣን።»

«ሃሌሉያ!» እልልታው ቀለጠ። እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋለች። እኔም እውነቱን ልናገር፤ ነገሩ እየጣመኝ መጣ። ኡጎ ሦስተኛውን አነበበ፤ በገና ዋዜማ ወይኑ ገና እኩለ ቀን ሳይሆን አለቀ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከአያቴ ዘመን ጀምሮ ደርሶ አያውቅም ይላል።

«በገና ዋዜማ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «የሕዝቡ ጥማት እጅግ በዛ! እንዲህ ያለ ጥማት ከአያቴ ዘመን ጀምሮ አልታየም!»

ቤቱ ተነሳ። የሚያጨበጭበው ያጨበጭባል፣ የሚዘልለው ይዘልላል። ኡጎ መነጽሩን አወለቀ። አሥራ አንድ ዓመት በር ሲከፍትልን እንዲህ ሆነን አይቶን አያውቅም።

«ይቅርታ» አለ በኖርዌይኛ፣ ማይክሮፎኑ እንደተከፈተ። «ሰውዬው እኮ ወይን አለቀብኝ ነው የሚለው። መጠጥ ቤቱ ውስጥ። ምን ብለሽ ነግረሻቸው ነው እንዲህ የሚያጨበጭቡት?»

መጀመሪያ የሳቁት ከኋላ ያሉት፣ እዚሁ ኦስሎ የተወለዱት ልጆች ናቸው። ከዚያ ኖርዌይኛው ወደ ፊት እየተተረጎመ፣ ረድፍ በረድፍ ጭብጨባው እየከሰመ መጣ። ጋሽ ደበላ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ ጎረቤቱን ይጎትታል። እናቴ ግን ማንንም አልጠየቀችም፤ ሰምታዋለች። ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ አወረደች።

«ኡጎ» አለች በኖርዌይኛ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ከመጀመሪያው አንብበው። ሁሉንም።»

አነበበው። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ስለ ጸሎታችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ እግሬም እየከዳኝ ነው። አቁሙ አልልም። ከተቻለ ግን ትንሽ ቀነስ አድርጉልኝ።»

አሜን ያለ የለም። ጋሽ ደበላ ተተርጉሞለት ሲያበቃ መዝገቡን ከደነ። «እንግዲህ... ሰላምታ ሰላምታ ነው» አለ። «የተቀበላችሁ እጃችሁን አንሱ።» አንድ ሁለት እያሉ እጆች ወጡ። የእናቴ አልወጣም።

ካፖርት መስቀያው ክፍል ውስጥ፣ እርጥብ ካፖርቶች መካከል ነው ያገኘኋት። የጫማዋን ዚፕ እየዘጋች ነበር። አጠገቧ ቆምኩ።

«እማዬ፣ ይቅርታ።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ነዋ።»

«ጠይቀሽኝ ነበር?»

ሁለተኛውን ጫማዋን አቀበልኳት።

«እምቢ እልሽ ነበር» አለች ቀና ብላ። «እንዴታ፣ እምቢ ነበር የምልሽ! አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ሦስት ቀን ታኮርፊኛለሽ፣ እኔ እጸልያለሁ፣ ሌሊት መጥቼ ተኝተሽ አይሻለሁ፣ በአራተኛው ቀን እሺ እላለሁ። እናት እንዲህ ነው የምትሠራው፣ ሮሆቦት። ሰውዬውን አልቀየምኩትም። ሰዎቹም ይሳቁብኝ፤ ሲበቃቸው ይተዉታል። አንቺ ግን እሺ ልልሽ የምችል እናት መሆኔን እንኳ አላወቅሽም።»

ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ። እሷ ግን አልታለለችም፤ እጇን ዘረጋች።

«ለሴትየዋ ደውዪላት።»

«ለኤንካርና? አሁን?»

«አሁን። እኔ የምለውን ትነግሪያታለሽ፣ እሷ የምትለውን ትነግሪኛለሽ። ሳትቀንሺ፣ ሳትጨምሪ።»

ደወልኩ። ድምፁን ከፍቼ በመካከላችን ያዝኩት። ከዚያ በሕይወቴ ረጅሙን አሥር ደቂቃ በገዛ አፌ በሁለት ቋንቋ ተወቀስኩ። እናቴ «ዋሾ ልጅ አሳድጌ ስለ ላክሁብሽ ይቅርታ» አለች፤ ተረጎምኩት። ኤንካርና «እኔንም ዋሽታኛለች፣ ዓመቱን ሙሉ አትክልት እየበላሁ ነው እያለች ለድመቷ ትሰጥ ነበር» አለች፤ ይኼንንም ተረጎምኩት። እናቴ ጥርሷን ልትከድን ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ከዚያ «ጠይቂያት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ ነው ትዪኝ ነበር። የት ነበርሽ?»

ጠየቅሁ።

«መጀመሪያዎቹን ወራት እሑድ ከሰዓት ወደ ዕቃ ክፍሉ ትገባ ነበር» አለች ኤንካርና። «የወይን ሳጥኖቹ ያሉበት። በሩን ዘግታ በቋንቋዋ ትዘምራለች። አንዳንዴ እያለቀሰች። የምንሰማት አይመስላትም። አንሰልሞ ሁልጊዜ ቴሌቪዥኑን ዝቅ ያደርግላት ነበር፤ ኳስ እየታየ እንኳ። ደንበኞቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ በኋላ ለመዱት።»

መሰማቴን አላውቅም ነበር።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

ያን ያህል ልዋሽ የፈለግሁበት ሰዓት በሕይወቴ የለም። «በከተማው እየተዘዋወረች ነበር» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ይልቅ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዕቃ ክፍሉን፣ ሳጥኖቹን፣ ልቅሶውን፣ የምዘምረው የእሷን መዝሙሮች መሆኑን። የመጨረሻውን ኤንካርና አላለችውም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ ግን እውነት ነው።

እናቴ ዓይን ዓይኔን እያየች ሰማችኝ። ፊቷ ሊለሰልስ ሲል አየሁት፣ ከዚያ መለስ ሲል። በሩ ላይ ኡጎ ቁልፉን ይዞ ሰው እስኪወጣ ይጠብቃል።

«ኡጎ፣ እባክህ» አለችው በኖርዌይኛ፣ ስልኩን ከእጄ ወስዳ እየሰጠችው። «ልጄ እሑድ የት ትሄድ እንደነበር ጠይቅልኝ።»

ኡጎ እኔን አየኝ፣ እሷን አየ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። በስፓኒሽ ጠየቀ። ዝም ብሎ ሰማ። እኔ እዚያው ካፖርቶቹ መካከል ቆሜያለሁ፤ እውነቱን ተናግሬ እንኳ ምስክር እስኪመጣልኝ እጠብቃለሁ። ኡጎ ስልኩን ከጆሮው አራቀና ቃል በቃል፣ ሳጥኖቹን፣ የተዘጋውን በር፣ ቴሌቪዥኑን ሁሉ በኖርዌይኛ ነገራት።

እናቴ እጇን በአፏ ጫነች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አሁን አመንኩሽ» አለች፣ ካፖርቴን አውርዳ እያለበሰችኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። «አሁን» ባትል ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።